ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በፓራሹት መዝለልን ስለሚመለከት

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤

ባለፈው እሑድ በከዚራ ሰፈር በተሰበሰብንበት ወቅት፣ በክረምቱ ዕረፍት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ወላጆች «የእኛ ፈቃድ ካለ ልጁ በፓራሹት መዝለል አይችልም ወይ?» ብለው ላነሡት ጥያቄ ይህን በጽሑፍ ለመመለስ ወደድን።

መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። በብሪታንያ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ወላጁ ወይም አሳዳሪው በጽሑፍ ከፈቀደለት መዝለል ይችላል፤ በአሜሪካ የዝላይ ማኅበር ደንብና በዱባዩ የመዝለያ ማዕከል ግን 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ወላጁ ቢፈርምለትም አይፈቀድለትም። ምክንያቱ የልጁ ድፍረት ማነስ አይደለም። ዘላዩ ከመሳፈሩ በፊት ጉዳት ቢደርስ ላለመክሰስ ውል ይፈርማል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው የፈረመው ውል ግን በፍርድ ቤት ሊፈርስ ስለሚችል፣ ከአስተማሪ ጋር ታስሮ ለሚዘለልበት ፓራሹት አምራቾቹ ራሳቸው በአሜሪካ የ18 ዓመትን ገደብ አስቀምጠዋል። በእኛም አገር የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አካለ መጠንን በ18 ዓመት ይወስናል።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እንላለን፤ ቅጽ ስትሞሉ የልደት ዘመኑን በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉ። በእኛ አቆጣጠር በ2000 የተወለደ ልጅ ዘመኑ ሳይቀየር ቢጻፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርለታል፤ ይህም በስሕተት ቢሆን እንኳ የሐሰት መረጃ እንደ መስጠት ሊቆጠር ይችላል።

ዕድሜያቸው ላልደረሰ፣ ከታች በሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ላይ የሚንሳፈፉበት የቤት ውስጥ መለማመጃ ትናንሽ ልጆችንም ይቀበላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ድሬዳዋ