ደብዳቤ ለልጄ፦ ሁለቱን ጫፍ ሳትዘጊ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ወገቧን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ወንድምሽ ፈተና ላይ ነው።

አክስትሽ ከባሕር ዳር ደወለችልኝ። «ልጅህ ግቢዬን ወርክሾፕ አድርጋዋለች፤ እንጨት በሽቦ ትሰፋለች፤ ሽታው ራሴን አዞረኝ» አለች። ምን እየሠራች ነው ብላት «ጀልባ» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ወዲያው ልደውልልሽ ነበር፤ ግን አንቺ «እሺ አባዬ፣ እሺ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። ሁለቴ አንብቢው።

አልከለክልሽም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ግን አንድ ነገር አለ። የጀልባዋን የፊትና የኋላ ጫፍ ከውስጥ በግድግዳ ከልለሽ፣ ውሃ የማይገባው አየር ብቻ የያዘ ክፍል አድርገሽ ሳትዘጊ ጣና ላይ እንዳትወጪ።

ወንድምሽ ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ። አቆራረጥሽን ወደድኩት። 4 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ መምረጥሽም ልክ ነው፤ ከዚያ ከወፈረ ተሸክመሽው ሐይቅ አትደርሺም። እንዲህ ያለው ካያክ፣ በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ፣ ሲያልቅ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው አሉ። አንድ ሰው በትከሻው ይዞት ይሄዳል። እኔ የሠራሁት ቁም ሣጥን አራት ሰው ነው የሚያነሣው!

ግን ፕላይውዱን ከየት ገዛሽው? ለቤት ዕቃ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የውስጥ ማጣበቂያው ውሃ አይችልም። ቁራጩን ውሰጂና ድስት ውስጥ ለሰዓታት ቀቅይው። ንብርብሩ ከተላቀቀ ለሐይቅ አይሆንም፣ ተዪው። ገንዘቡን አታስቢ፣ እኔ እልካለሁ።

ደግሞ ፕላይውዱ ርዝመቱ 2.44 ሜትር ነው፤ ያንቺ ጀልባ ከ4 ሜትር ይበልጣል። ስታስረዝሚው ጫፍ ለጫፍ አጋጥመሽ እንዳታጣብቂ፣ እዚያው ላይ ይሰበርብሻል። ሁለቱንም ጫፍ ሰያፍ አድርገሽ በመላጊያ ላጊው። ሰያፉ የውፍረቱን ስምንት እጥፍ ይርዘም። ለ4 ሚሊ 32 ሚሊ ማለት ነው። ከዚያ አንዱን በአንዱ ላይ አስተኝተሽ በኢፖክሲ፣ በዚያ ሁለቱን ፈሳሽ ቀላቅለሽ በምትሠሪው ማጣበቂያ፣ አጣብቂውና በሞርሳ ያዢው። ነጭ ኮላ እንዳይነካው። ስቱኮም እንዲሁ። የስፌቱን ውስጥ በኢፖክሲና በደቃቅ የእንጨት ብናኝ ሙይው፣ ከላዩ ፋይበር ግላስ አልብሺው። እኔ ኢፖክሲ ብዙ አልሠራሁበትም፤ ግን ብዙ አንድ ላይ ቀላቅሎ በጠባብ ዕቃ ያስቀመጠ ሰው አይቻለሁ። በራሱ ጊዜ ጋለ፣ ጨሰ። ትንሽ ትንሽ ቀላቅዪ፣ በሰፊ ሳህን። ጓንት አድርጊ። የደረቀውን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጊ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። አክስትሽ ራሷን ካዞራት አንቺንማ ምን አደረገሽ? ከቤት ውጪ ሥሪ።

ሽቦውን ካሰርሽ በኋላ፣ ኢፖክሲ ከመግባቱ በፊት፣ ቀጥ ማለቱን እዪው። ሁለት ቀጥ ያሉ ዱላዎች አግድም አስቀምጪበት፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ። ከጫፍ ቆመሽ በአንድ ዓይን ተመልከቺ። ሁለቱ ዱላዎች እኩል ካልተኙ ጀልባው ተጠምዝዟል፤ ከደረቀ በኋላ ማንም አያቃናውም። ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይጎትትሻል።

በሽቦ የመስፋቱ ዘዴ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ እንግሊዝ አገር ቤታቸው ውስጥ ጀልባ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ነው የተስፋፋው። አናጢ ላልሆነ ሰው የተመቸ ነው። ካያክን ራሱን ግን ያወጡት በሰሜን ዋልታ አካባቢ ያሉ የበረዶ አገር ሰዎች ናቸው። በእንጨት ማገር ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው፣ ከላይም ሸፍነውት፣ ሰውየው የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ብቻ ይተዋሉ። ለምን ሸፈኑት? ውሃ እንዳይገባ። እነሱ ያወቁትን አንቺ እንዳትረሺው። ሁለቱን ጫፍ ዝጊ።

የትልቁን አጎትሽን ነገር ከልጅነትሽ ጀምሮ በቁንጽል ነው የሰማሽው። እኛ ቤት አይወራም። ዛሬ ልጻፈው።

ልጅ ሳለሁ ከዘጌ ቡናችንን ባሕር ዳር ገበያ የምናወጣው በታንኳ ነበር። ታንኳውን አያትሽ ከሐይቁ ዳር ሰዎች ከወይጦዎቹ ነው የሚገዙት፤ ደንገል እንደነሱ አድርጎ የሚያስር የለም። ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በየጊዜው አውጥተሽ ታደርቂዋለሽ። ወንድሜ አይወደውም ነበር። «ይሄ ቀርፋፋ!» ይላል። የጣውላ ጀልባ ሲያይ ግን ዓይኑ ይበራል። ሥራውን እየዞረ ይነካል፣ የማገሩን ቁጥር በጣቱ ይቆጥራል። እንዳንቺ ነበር።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ከገበያ ሲመለሱ እሱ የሰው የጣውላ ጀልባ ላይ ተሳፈረ። አያትሽ ከኋላ በታንኳ ናቸው። ጀልባው ከልኩ በላይ ሰውና እህል ጭኗል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ሞገዱ በጠርዙ ገባ። አንዴ ከገባ ደግሞ መሐል ላይ የሚያግደው ግድግዳ የለም። ውሃው ወደ አንድ በኩል ሮጠና ጀልባው ተገለበጠ። ያው ሞገድ አያትሽም ታንኳ ላይ ወጥቶ ነበር። ታንኳ ግን የሚሞላ ሆድ የለውም። ውሃው በደንገሉ መካከል ወርዶ ሄደ። አያትሽ የቻሉትን ሰው ጎትተው አወጡ። ልጃቸውን አላገኙትም።

ከዚያ በኋላ ታንኳውን ሸጡ። እኔን ደግሞ ዳንግላ አናጢ ዘንድ አስገቡኝ። ሐይቅ የማይታይበት አገር ብለው ነው። እኔም አልተቃወምኩም። ይኸው ስንት በር፣ ስንት አልጋ፣ ስንት የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሠራሁ። ጀልባ ግን አንድም አልሠራሁም። ማታ ማታ እንቅልፍ ሲርቀኝ በሐሳቤ እሠራ ነበር፤ ማገሩን አቆማለሁ፣ ጣውላውን አጥፌ እገጥማለሁ። ለእናትሽ እንኳ አልነገርኳትም። ያንቺን ፎቶ ሳይ ደስም አለኝ፣ ቆጨኝም። አያትሽ ሳይሞቱ «አባቴ፣ አንድ ጀልባ ልሥራ» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር እላለሁ። አልጠየቅኩም። አሁን የሚመልስልኝ የለም።

እና ልጄ፣ ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ምንም አይደለም የሚሉሽን አትስሚ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ ሲሮጥ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ለትንሽ ጀልባ ክፉው እሱ ነው። ጠዋት ውጪ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ተመለሺ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል በጭራሽ እንዳትሄጂ። ጉማሬ አለ። ካያክ ድምፅ የለውም፤ ሳይሰማሽ አጠገቡ ትደርሺበታለሽ። ደግሞ ውሃው ቢልሃርዚያ አለበት፤ ከርመሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። ዋና እችላለሁ ብለሽ የሕይወት አድን ጃኬት እንዳትተዪ። ወንድሜም ዋና ይችል ነበር።

ግድግዳዎቹን ስትገጥሚ ዙሪያቸውን በኢፖክሲ አንድም ቀዳዳ ሳይቀር ድፈኚ። አንድ ሳምንት ሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ግቢ ውስጥ የመቀመጫውን ክፍል በባልዲ ውሃ ሙይና ወደ ሁለቱ ጫፍ የሚያልፍ እንዳለ እዪ። ጠብታ ካለፈ እንደገና ድፈኚ። ቀጥሎ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሆን ብለሽ አስጥሚው። ሞልቶም ከተንሳፈፈ ጀልባ ሠርተሻል፣ እኮራብሻለሁ። ካልተንሳፈፈ ሁለቱ ጫፍ አልተዘጋም ማለት ነው፣ አትወጪበትም። ይህን ደጋግሜ በመጻፌ አትቆጪኝ።

ያን ቀን እኔም እኖራለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ። ሳልመጣ እንዳትነኪው፤ ቃልሽን በመልእክት ላኪልኝ።

በዚህ ሰው እጅ ስድስት ሞርሳ፣ ትንሿን መላጊያዬንና ፒንሳ ልኬልሻለሁ። መላጊያዋ የአያትሽ ስጦታ ናት፣ ለማንም እንዳታውሺ። እናትሽ በሶና ድልህ ጨምራለች፤ ድልሁን ከኢፖክሲው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ እንዳታስቀምጪ። ሥራው ሲያልቅ ቫርኒሽ ቀቢው፣ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም። ጥላ ሥር ገልብጠሽ አኑሪው። አክስትሽንም ይቅርታ ጠይቂ፣ ግቢዋን ጥረጊላት።

ኪዳነ ምሕረት ትጠብቅሽ።

አባትሽ
ዳንግላ