ለልጄ፣ ስለ ወንድምሽ ጉበት

ልጄ እንደምን ሰነበትሽ፣ ትናንት ማታ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስላልተሰማማን ነው የምጽፍልሽ። ሐኪሞቹ ጉበቱ አብጧል፣ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንዛይሙም ጨምሯል ሲሉሽ መደንገጥሽ ገብቶኛል፣ የተቃጠለው ቆዳው፣ ጉበቱን ምን ነካው ብለሽ ነበር፣ በድሬሰርነቴ ዘመን የተቃጠለ ሰው ብዙ አስታምሜያለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ቃጠሎ ሰፊ ሲሆን ቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። መጀመሪያ ፈሳሹ በቁስሉ እየወጣ ስለሚያልቅ ጉበት በቂ ደም አያገኝም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንዛይሙን ከሚያስጨምሩት አንዱ ይሄ ነው፣ ያን ሁሉ ሪንገር የሚባል ግሉኮስ መሰል ፈሳሽ በደም ስሩ በላይ በላዩ የሰጡትም ደሙ እንዳያንስበት ነው። ከዛ ደሞ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ለወራት ከፍ ብለው ይቆዩና የገላውን ስብ እያሟሙ ወደ ደም ይለቁታል፣ ጉበት ሁሉንም ማስተናገድ ሲያቅተው ስቡ እዛው ይከማችና ያብጣል። አሜሪካ ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ውስጥ ከገላቸው 40 በመቶና ከዛ በላይ የተቃጠሉ ህጻናትን ጉበት ሲለኩ በ2ኛው ሳምንት ከልኩ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው ያገኙት፣ ከ1 ዓመት በኋላም ገና ወደ ልኩ አልተመለሰም ነበር። ስለዚ ወንድምሽ ከሆስፒታል ቢወጣም ክትትሉ እንዳይቋረጥ።

እግሩ ማበጡም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፣ ጉበቱ አሁን ከቃጠሎው ጋር የሚታገሉ ሌሎች ፕሮቲኖችን በመስራት ስለተጠመደ አልቡሚን የሚባለውን ውሃ ደም ስር ውስጥ የሚይዝ ፕሮቲን መስራቱን ቀንሷል፣ ያለውም በቁስሉ ይፈሳል፣ አልቡሚን ሲያንስ ውሃው ከደም ስር ይወጣል። ስኳሩ የጨመረውም ጉበቱ ስኳር ማምረቱን አላቆም ስላለና ኢንሱሊኑ እንደ ድሮው ስላልሰራለት ነው፣ በቃጠሎ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው።

አክስትሽ አይኑ ቢጫ መስሎኛል ብላ የወፍ በሽታ መድሃኒት ከደንበጫ ላስመጣ ትላለች። ስለምትወደው ነው፣ ግን አባቴ ከልክሏል ብለሽ እምቢ በያት፣ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ተወቅጦ ቢጠጣ የደከመውን ጉበት ጭራሽ ሊገድለው ይችላል። አይኑ እውነት ቢጫ ከሆነ ኢንፌክሽንም ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪሞቹ ንገሪ፣ ፓራሲታሞልም እነሱ ካዘዙት ውጪ ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትጨምሩለት።

ሌላው ሁዳዴ ነው ብሎ እንቁላልና ወተት እምቢ ማለቱ ነው፣ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ገላው አሁን የራሱን ጡንቻ እየበላ ነው፣ ቁስሉም ጉበቱም የሚጠገኑት በምግብ ነው። የንስሐ አባታችንን ዛሬ ጠዋት አናግሬያቸዋለሁ፣ የታመመ አይገደድም ይብላ፣ እኔ ፈቅጃለሁ በሉት ብለዋል፣ ከፈለገ ራሳቸው ይደውሉለታል። ትንሽ ትንሽ አድርገሽ ቶሎ ቶሎ አብይው፣ ብርድ ልብሱንም አታንሺበት፣ ሲበርደው ገላው ለማሞቅ ብሎ ይብስ ይከሳል።

ዶክተሩ ራውንድ ሲመጡ በምርመራው አልቡሚኑ ስንት እንደሆነ ጠይቂያቸውና የላብራቶሪውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ።

አባትሽ