ሰሞኑን ያየኋቸው ፊልሞች

ሰላም የኮዬ ፈጬ ፊልም ወዳጆች፣ እንዴት ናችሁ! ሰሞኑን ‹‹ላምብ››ን አየሁት፣ የዳይሬክተር ያሬድ ዘለቀን፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ኦፊሻል ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበት አባቱ ዘመድ ጋ ጥሎት አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ቹኒ የምትባለውን በጉን ደሞ አጎቱ ለበዓል ካላረድኳት ይላል፣ ልጁ ወንድ ሆኖ ምግብ መሥራት ስለሚወድ ሲያናንቁት በቃ እንባዬ መጣ። ተራራውን ያነሱበት አነሳስ ራሱ ልብ ይነካል። የኃይሌ ገሪማን ‹‹ጤዛ››ንም አይቻለሁ፣ ትልቅ ሥራ ነው ግን ታሪኩ ወደፊት ወደኋላ ስለሚል ደክሟችሁ አትጀምሩት። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መሃል ከተማ ሲኒማ መሄድ ለታክሲውም ለሰዓቱም ስለሚከብድ ‹‹ላምብ››ን አንዳችን ቤት ተሰብስበን ብናየው ደስ ይለኛል፣ ቅዳሜ የሚመቻችሁ ጻፉልኝ።