ኤጀንቱ ዳኛ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እንግሊዝ አገር ስላሉ ሐበሻ ተከራዮች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። መቼም ያላነበበው የለም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳይቀር ሰው በየስልኩ ሲቀባበለው ነበር። ፎቶውም አብሮ። ኤጀንቱ፣ ማለትም አከራዮችን ወክሎ ቤት የሚያከራየው ሰውዬ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ ከጀርባው ቁልፎች ተደርድረው። ለሠርጉ የተነሳው ነው የሚመስለው።

ፎቶው ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ መሃል ላይ የተሸጎጠችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ተከራዩ የሁለት ወር ኪራይ ካልከፈለ ኤጀንቱ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያስወጣዋል።» በቃ። ከዚያ ዘገባው ስለ ኪራይ መናር ማውራቱን ቀጠለ።

ቆይ እንጂ! ኤጀንቱ ነው የሚያስወጣው? እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ተዘጋ እንዴ?

እሺ፣ ረጋ ብዬ ልናገር። እንግሊዝ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖርን ሰው ውጣ ብሎ የሚያዘው ፍርድ ቤት ነው። ኤጀንቱ አከራዩን ወክሎ ማስጠንቀቂያ መላክ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ግን ወረቀት ነው። ቀኑ ሲያልፍ ተከራዩ ሳይሆን ጉዳዩ ነው ከቤት የሚወጣው፤ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ክስ አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ ዳኛ አለ። ዳኛው ልቀቅ ብሎ ቢወስን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ይሰጣል። ከባድ ችግር ላለበት እስከ 42 ቀን ሊያደርስለት ይችላል። ያኔም ካልለቀቀ አከራዩ ተመልሶ ቤይሊፍ፣ ማለትም የፍርድ ቤት ውሳኔ አስፈጻሚ፣ ይጠይቃል። ቤይሊፎቹም ዝም ብለው በር አይሰብሩም፤ የሚመጡበትን ቀን አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ይሄ ሁሉ ወራት ይፈጃል።

ኤጀንቱ በዚህ መሃል ራሱ ቁልፍ ቢቀይር ወይም የሰው ዕቃ ደጅ ቢያወጣስ? እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ተከራዮችን ከሕገ ወጥ ማስወጣት በሚጠብቀው ሕግ ወንጀል ሠርቷል። ኪራይ ማዘግየት ወንጀል አይደለም፤ ዕዳ ነው። ዘገባችሁ ግን ባለዕዳውን ወንጀለኛ፣ ሊሆን የሚችለውን ወንጀለኛ ደግሞ ሕግ አስከባሪ አድርጎ አረፈው።

ቁጥሮቹም ቢሆኑ አርጅተዋል። ሁለት ወርና ሁለት ሳምንት የድሮው ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የጸደቀው የተከራዮች መብት ሕግ፣ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነገሩን ሦስት ወርና አራት ሳምንት አድርጎታል። ያለ ምንም ምክንያት ተከራይ ለማስለቀቅ ያገለግል የነበረውን አንቀጽ 21ንም ሽሮታል። ሦስት ወሩ ደግሞ ማስጠንቀቂያው በተሰጠ ቀን ሞልቶ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ችሎቱ ቀንም መሙላት አለበት። ከችሎቱ በፊት እንደምንም ተበድሮም ሆነ ለምኖ ውዝፉን ከሦስት ወር በታች ያወረደ ሰው ላይ ዳኛው «የግድ ይውጣ» የማለት ግዴታ የለበትም። አከራዩ ከሦስት ወር ላነሰ ውዝፍ ሌላ የሕግ ምክንያት ጠቅሶ ቢከስም ዳኛው ይህን ሰው ማስወጣት ተገቢ ነው ወይ ብሎ ይመዝናል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ለኪራይ የሚሰጠው ገንዘብ ስለዘገየ የተጠራቀመው ዕዳም በአዲሱ ሕግ ከሦስት ወሩ ስሌት ውጪ ነው። ይሄ ለኛ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ክፍያ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ግድም እንደሚያስጠብቅ ያመለከተ ሁሉ ያውቀዋል።

ለፍትሕ ያህል፣ ጋዜጠኛው ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎት ሊሆን ይችላል። አከራዩ በሚኖርበት ቤት አንድ ክፍል ይዞ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት የሚጋራ ሰው ይህ ሁሉ ጥበቃ የለውም። እሱን አከራዩ ተመጣጣኝ ጊዜ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ሊያስወጣው ይችላል። ከኛ ሰው ብዙው ኑሮን የሚጀምረው እንዲህ፣ የዘመድ ዘመድ ቤት ውስጥ ነው። ስኮትላንድና ዌልስም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ይህን ለይቶ መጻፍ ሁለት መስመር ይበቃው ነበር። ለነገሩ ቦታ ከየት ይመጣል? ስለ ኤጀንቱ የልጅነት ትዝታ ሁለት ሙሉ አንቀጽ ተጽፏል።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ምን ያንጨረጭራታል?» የሚል አይጠፋም። እንግዲህ ልንገራችሁ።

የማውቃት አንዲት እናት አለች። ኪራይ ዘገየባት። ኤጀንቷ እስከ ዓርብ ልቀቂ የሚል ቴክስት ላከባት። ቴክስት እኮ ነው! ፍርድ ቤት የለ፣ ክስ የለ። እሷ ግን ፖሊስ መጥቶ ልጆቼ ፊት ከሚያዋርደኝ ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ሄዳ መጠለያ ጠየቀች። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? መቆየት የምትችይበትን ቤት ራስሽ ለቀሽ የወጣሽ ስለሆነ፣ ሆነ ብለሽ ቤት አልባ ሆነሻል። እንዲህ ተብሎ የተወሰነበት ሰው ከካውንስሉ የሚያገኘው እርዳታ እጅግ ያንሳል። የሚገርመው፣ በቤቷ ቁጭ ብላ ብትደውልላቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በ56 ቀን ውስጥ ቤቱን ሊያጣ የሚችልና የመኖሪያ ፈቃዱ ለእርዳታው የሚያበቃው ሰው፣ ካውንስሉ እዚያው ቤቱ እንዲቆይ የመርዳት ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሕጉ ይሄ ነው። እና አሁን የእናንተን ዘገባ አንብቦ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው ቢኖር ማን ይጠየቅበታል? ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል አሉ።

የራሴንም ልጨምር፣ ሆዴ ውስጥ ሲፋጅ ከሚኖር። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ በሺፍት። ሺፍት ሲቀነስ ደመወዝ ይቀነሳል፤ ኪራይ ግን አይቀነስም። ውዝፍ ተጠራቀመ። ፎቶ ላይ ያለው ሰውዬ የኔ ኤጀንት አይደለም። የኔው ሌላ ነው፤ የተማሩበት ትምህርት ቤት ግን አንድ ሳይሆን አይቀርም። ዲፖዚት ስከፍል «እህቴ፣ ምንም ነገር ቢቸግርሽ ደውይልኝ» ያለኝ ሰው ሲቸግረኝ ብደውል ስልክ አያነሳም። እሱ ሲደውል ግን ሥራ ቦታዬ ድረስ ነው፣ አለቃዬ እያየች። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ጨምሬ ልክፈል ብዬ በኢሜይል ጻፍኩለት። መልሱ «የቤቱ ባለቤት ሙሉውን ካልሆነ አልቀበልም ብላለች» የሚል ሆነ። አስከትሎም ይህንኑ ደብዳቤ ለጻፈበት 45 ፓውንድ አስከፈለኝ። እኔን ለማስፈራራት የደከመበትን መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ቆም ልበል። እ.ኤ.አ. ከጁን 2019 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ኤጀንት ለማስታወሻ ደብዳቤ፣ ለስልክ ጥሪ፣ «ለፋይል ማስተካከያ» እያለ ተከራይን ማስከፈል አይችልም። ለዘገየ ኪራይ የሚፈቀድለት ወለድ ብቻ ነው። እሱም ውሉ ላይ ከተጻፈና ኪራዩ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከዘገየ፤ መጠኑም ከባንክ ኦፍ ኢንግላንድ መነሻ ወለድ ላይ 3 በመቶ ቢጨመር ከሚመጣው አይበልጥም። መነሻው 4 በመቶ ነው እንበል። በዓመት 7 በመቶ ይሆናል። 1,000 ፓውንድ አንድ ወር ቢዘገይ 6 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። 45 ፓውንድ ከየት መጣ? ከሰውዬው ራስ።

እናም ሌላ መንገድ ያዝኩ። ተከራይ የአከራዩን ስምና አድራሻ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ኪራይ የሚሰበስበው ኤጀንት በ21 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ ነው የሚለው። ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት ራሱ ጥፋት ነው። ጠየቅኩ። ተቅለሰለሰ፤ «እኔ እያለሁ እሷን ምን ያስቸግራታል» አለ። ሕጉን ከነቁጥሩ ጠቅሼ ደገምኩለት። አድራሻው መጣ። ጻፍኩላት። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሴትዮዋ በየወሩ ልክፈል ማለቴን ጨርሶ አልሰማችም! አንድም ሰው አልነገራትም። ሙሉውን ካልሆነ አልቀበልም ያለችው ባለቤት በሰውዬው ምናብ ውስጥ ያለችው ነበረች። እቅዱን በጽሑፍ ተስማማን፤ አሁንም እየከፈልኩ ነው። እዚያው ቤት ነኝ።

በዘገባው ውስጥ ይሄ የት አለ? «የማኅበረሰባችን አባላት ሕግ አያውቁም፣ ደብዳቤ አያነቡም» የሚለው የኤጀንቱ ቃል ግን በትልቁ ተጽፎ ወጥቷል። ጋዜጠኛችሁ ያነጋገረው እሱን፣ የሥራ ባልደረባውንና አንድ አከራይ ነው። አንድም ተከራይ የለም። አንድም! ስለ ተከራዮች በተጻፈ ዘገባ ውስጥ። ቀጥሎ ስለ ዶሮ እርባታ ስትጽፉ ሸለምጥማጡን አነጋግሩት፤ ብዙ ልምድ አለው።

ደብዳቤ አያነቡም ላለው ደግሞ መልስ አለኝ። እናነባለን። ሌሊት ከሥራ ገብተን በስልካችን እያስተረጎምን እናነባለን። የሚቸግረን ደብዳቤው ውስጥ የተጻፈው ማስፈራሪያ እውነት ይሁን ውሸት ማወቅ ነው። ያንን ይነግረናል ብለን የምንከፍተው የናንተን ድረ ገጽ ነው። ከፈትነው። የኤጀንቱን ማስፈራሪያ በአማርኛ አገኘነው።

ዘገባው መጨረሻ ላይ «ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚል ንዑስ ርዕስ ሳይ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ሥሩ ያለው ምክር «ከኤጀንትዎ ጋር መልካም ግንኙነት ይኑርዎት» የሚል ነው። እግዜር ይስጥልን! እኔ ብሆን የምጽፈው ሌላ ነበር። የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት የደረሰው ሰው ገቢው ምንም ይሁን ምን በመንግሥት ወጪ የሕግ ምክር ያገኛል፤ ችሎቱ ቀንም እዚያው ፍርድ ቤት ውስጥ ጠበቃ ይቆምለታል። ስለዚህ ከቀጠሮ መቅረት የለም። ዕዳው ከኪራይም ያለፈ እንደሆነ በዕዳ አማካሪ በኩል የሚከፈት «ብሪዚንግ ስፔስ» የሚባል የ60 ቀን ፋታ አለ። በዚያ ጊዜ ስለ ውዝፉ መነዝነዝና በውዝፉ ሰበብ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይቆማል፤ የየወሩ መደበኛ ኪራይ ግን መከፈል አለበት። ኤጀንቱን መክሰስ የሚፈልግ ደግሞ አቤቱታውን መጀመሪያ ለራሱ ለኤጀንቱ በጽሑፍ ያቅርብ። እስከ ስምንት ሳምንት መፍትሔ ካላገኘ፣ ኤጀንቶች ሁሉ በሕግ ግዴታ አባል ወደሆኑበት የቅሬታ ሰሚ ተቋም መሄድ ይችላል። ተከራዩ አይከፍልም። ከሁሉም በላይ የተባለውን ሁሉ በጽሑፍ መያዝ ነው። በስልክ የተነገረ ነገር ችሎት ፊት ሲቀርብ ይተናል።

አሁን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር አርሙ። እርማቱን ማንም በማይደርስበት በገጹ ግርጌ አትቅበሩት፤ እዚያው ከፎቶው ሥር ይውጣ፣ ሰው ሲቀባበለው የሚያየው ቦታ ላይ። ደግሞም ጋዜጠኛችሁን ወደ እኛ ላኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢመጣ የሚያናግረው ተከራይ አያጣም። እኔም እናገራለሁ። ስሜ እንዳይጠቀስ ግን እፈልጋለሁ፤ ውሌ ገና አላለቀም፣ ሰውዬውም አማርኛ ያነባል።

አንዲት ተከራይ፣ ከለንደን