ለጤና ሚኒስቴር፦ ስለ ውስጥ እግርና ስለ አንድ ቲዩብ ደም

የተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን አክስቴ ሜላኖማ በሚባል የቆዳ ካንሰር ታማብኝ ነው።

ተረከዟ አጠገብ፣ ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነገር ወጣባት። እሾህ ወግቷት ውስጥ የቀረ መሰላት። እየቆየ ሰፋ፣ ከዚያ ቆሰለ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ቁስሉ ታጥቦ ቅባት ተሰጣት። ደግማ ስትሄድ አንቲባዮቲክ ተጨመረላት። እንዲህ እያለ ስምንት ወር አለፈ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ እዚያ ያሉት ነርሶች በቀን ስንት ሰው እንደሚያስተናግዱ አውቃለሁ፣ ሌላ ቦታ ብትሄድም የተለየ ነገር ይገጥማት ነበር ብዬ አላስብም። ጥቁር ነገር ውስጥ እግር ላይ ሲታይ ካንሰርም ሊሆን ይችላል ብሎ የነገራቸው የለም።

ብዙ ሰው ሜላኖማን የነጮች በሽታ አድርጎ ነው የሚያውቀው። እውነት ነው፣ እኛ ላይ እምብዛም አይታይም። ሲመጣ ግን በአብዛኛው ፀሐይ በማይመታው ቦታ ነው የሚወጣው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሊን የገደለውም ይኸው ነው። በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ 60ኛ ልደቱን ካከበርነው ውስጥ በሽታው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር እንደጀመረ የሚያውቅ ስንቱ ነው? በ1969 ዓ.ም. ተገኘበት፣ ግንቦት 1973 ላይ አረፈ። ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ወደ አክስቴ ልመለስ። በመጨረሻ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቁስሉ ትንሽ ቁራጭ፣ ተወሰደላት፤ ቁራጩ በማይክሮስኮፕ የታየበት የፓቶሎጂ ውጤት "ሜላኖማ" ብሎ በአንድ መስመር አለቀ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይተው መጀመሪያ የጠየቁት "ውፍረቱስ?" ብለው ነው። ዕጢው ወደ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር ገባ ማለታቸው ነው። ይህ ልኬት ብሬስሎው የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 ካስተዋወቀው ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና ከ4 ሚሊ ሜትር ያለፈ ዕጢ ያላቸው ሰዎች ዕድላቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ናሙናው እንደገና ታይቶ ውፍረቱ እስኪጻፍ ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

ከዚያ ኤል ዲ ኤች የሚባል የደም ምርመራ ታዘዘላት። ኤል ዲ ኤች በሁሉም ሰው ሴሎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ዕጢ በፍጥነት ሲያድግና ሴሎቹ ሲሞቱ ወደ ደም ይፈስሳል። ካንሰር አለ ወይም የለም የሚል ምርመራ አይደለም፤ ጉበት ሲታመምም ይጨምራል። ሜላኖማው ወደ ሌላ አካል በተሰራጨበት ሰው ላይ ግን ስለ ቀጣዩ ጊዜ ብዙ ይናገራል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሚሠራበት 8ኛው የአሜሪካ የካንሰር ደረጃ አመዳደብ ውስጥ፣ የተሰራጨ ሜላኖማ ደረጃ ሲጻፍ የኤል ዲ ኤች ውጤት አብሮ የሚጻፈው። ኤስ 100 ቢ የሚባል ሌላም ፕሮቲን አለ፤ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ሕክምና የጨረሱ ታካሚዎችን ለመከታተል ይጠቀሙበታል። እኔ ዛሬ እሱን አምጡልን አልልም። ኤል ዲ ኤች ተራ የኬሚስትሪ ማሽን የሚሠራው ምርመራ ነው፤ መጀመሪያ እሱ በአግባቡ ይሠራ።

አክስቴ የታከመችበት ሆስፒታል "ሪኤጀንት የለም፣ ውጭ አሠሩ" አለ። ሪኤጀንት ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል ነው። ደሟ ተቀዳ፣ ቲዩቡ ለአክስቴ ልጅ ተሰጣት። መሀል ከተማ ያለው የግል ላብራቶሪ ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር ቲዩቡን በቦርሳዋ ይዛ፣ በታክሲ እየተንገጫገጨች፣ በዚያ ፀሐይ እስከ ቃሊቲ ወሰደችው። ውጤቱ ከፍተኛ ሆኖ መጣ። ቅዳሜና እሑድን ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ዋለ፤ አክስቴ ልጆቿን ሰብስባ መናዘዝ ጀምራ ነበር።

ሰኞ ላብራቶሪው ጋ ደወልኩ። ሴረሙ፣ ማለትም ከደም ሴሎቹ የተለየው ፈሳሽ፣ ቀይ ነበር አሉኝ። ቀይ የደም ሴሎች በኤል ዲ ኤች የተሞሉ ናቸው፤ ቲዩቡ ሲናጥ ወይም ሳይለይ ሲቆይ ይፈነዱና ውጤቱን ከፍ ያደርጉታል። ፍሪጅ ውስጥ ማቆየትም ለዚህ ምርመራ አይመከርም። ናሙናው መበላሸቱ ውጤቱ ላይ አልተጻፈም። እኔው ራሴ በንጹሕ ቀድቼ፣ ወዲያው ደምን አሽከርክሮ በሚለየው ማሽን፣ በሴንትሪፉጅ፣ ለይቼ አስደገምኩት። ኖርማል ነበር። ቤተሰቡ ውስጥ የላብራቶሪ ሰው የሌለው ታካሚ ምን ይሁን?

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። የካንሰር ሕክምና በሚሰጥባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች የኤል ዲ ኤች ሪኤጀንት እንዳይቋረጥ አድርጉ። የታካሚ ቤተሰብ ደም ተሸክሞ ከተማ ለከተማ አይዙር። ናሙና መላክ ግድ ከሆነም ሴረሙ እዚያው ተለይቶ ይላክ፣ የተበላሸ ናሙና ደግሞ ተበላሽቷል ተብሎ ይጻፍበት። የፓቶሎጂ ውጤት ያለ ውፍረትና ቁስለት መግለጫ አይውጣ፤ ይህ አንድ ወጥ ቅጽ እንጂ አዲስ ማሽን አይፈልግም።

ከሁሉም በፊት ግን እግር ይታይ። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ውስጥ እግርና ጥፍር ማየትን ይሠልጥኑ። የስኳር ሕመምተኞችም እግራቸው መታየት ስላለበት ድካሙ ለሁለት ይጠቅማል። ኤል ዲ ኤች የሚነግረን በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ ገና በጊዜ የተገኘን ሜላኖማ ግን ቆርጦ በማውጣት ብቻ ማዳን ይቻላል።

አክስቴ እግሯ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አሁን በዱላም ቢሆን ትሄዳለች። በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አላት፣ ኤል ዲ ኤችም ታዞላታል። ትናንት ማታ "እስከዚያ ሪኤጀንቱ ይመጣ ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ከአክብሮት ጋር፣
የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ