የስፖኪዮው ነገር

ልጄ፣

አንድ ቤት እያደርን ደብዳቤ መጻፌ ያስቅህ ይሆናል። በአፍ ከጀመርኩት ግን ድምፄ ከፍ ይላል፣ አንተም በሩን ዘግተህ ትገባለህ።

ትናንት የጎረቤታችንን ስፖኪዮ ባነሳብህ «እኔ አይደለሁም፣ በሽታው ነው የሰበረው» ስትለኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። ዕድሜዬን ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ሳገላብጥ ስለጨረስኩ፣ ነገር ሁሉ በአንቀጽ ካልሆነ አይገባኝም፤ ታገሠኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ያልተረዳ ወይም ራሱን መግታት ያቃተው ሰው አይቀጣም ይላል። እዚህ ላይ እውነቱ ካንተ ጋር ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ ከራቀህ ሰንብቷል። በካልሲ ወጥተህ፣ ግንፍሌ ቁልቁለቱ ላይ የቆመውን የጎረቤታችንን ሚኒባስ ስፖኪዮ በድንጋይ ስታረግፍ «ካሜራ ነው፣ ይቀርጸኛል» ትል ነበር። ማን ይከስሃል? ባለቤቱ እንኳ ፖሊስ አልጠራም፤ የገዛ ጋቢውን ነው ያለበሰህ።

ግን ፍትሐ ብሔርም አለ። የ1952ቱ ሕግ ቁጥር 2030፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ጥፋት ሲመዘን የሰውየው ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ አይታይም ይላል። ዳኛ ካሣውን ሊቀንስ ይችላል፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ጨካኝ አንቀጽ ይለዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ የታመመውን ከሰው ተራ አያወጣውም። ስለዚህ ስፖኪዮውን ከደመወዝህ ትከፍላለህ። እኔ ልክፈል ብል እችል ነበር፣ አልከፍልም። ሶማሌ ተራ ሄደህ ጠይቅ፤ ያገለገለ እንዳትገዛለት።

ጫቱን በተመለከተ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 50 ራስህ አንብበው። ራሱን መግታት ወደማይችልበት ሁኔታ መግባቱ አደጋ እንዳለው እያወቀ በራሱ ጥፋት የገባ ሰው፣ ወንጀሉ በቸልተኝነት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ በቸልተኝነት ይጠየቃል። ጫት እንቅልፍ እንደሚነሳህ፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ምን እንደሚያስከትልብህ ሐኪሙ እኔ ባለሁበት ነግሮሃል።

ኪኒኑ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ሊቲየም፣ ያ ስሜትህን የሚያረጋጋው መድኃኒት፣ እጅህን ያንቀጠቅጣል፣ ውሃ ያስጠማሃል፣ ደምህም በየጊዜው መመርመር አለበት። ሰውነትህ ውሃ ሲያጣ መድኃኒቱ ደምህ ውስጥ ስለሚበዛ፣ ጾም ከመያዝህ በፊት ሐኪሙን አማክር። እናትህ ጸበል እንሂድ ትላለች። እንሂድ፣ እኔም አልቀርም፤ ኪኒኑ ግን ኪስህ ውስጥ ይሁን።

የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር አለ። «ድኛለሁ፣ መድኃኒት ይብቃኝ» የሚያሰኝህ አንዳንዴ ራሱ ሕመሙ ነው። በዚያ ሰዓት አስተውል ብልህ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ አሁን ደህና ሳለህ በእጅህ ጻፍልን። ሁለት ሌሊት ካልተኛህ ለሐኪሙ ማን ይደውል? የባንክ ካርድህን ማን ይያዝ? ምን እንዳናደርግብህ እንደምትፈልግም ጨምርበት። ባለፈው ጎረቤት ሰብስበን ነው የያዝንህ፤ ያን የማትፈልግ ከሆነ ጻፈው፣ በሌላ መንገድ እንመካከራለን። እስከ እሑድ ብታደርሰው ደስ ይለኛል።

አባትህ