ብሎኑ የእኔ፣ ማጥፊያው የእነሱ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ቤት እድሳት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ቀለሙም፣ ጣሪያውም፣ ወለሉም ተነስቷል። ኤሌክትሪኩን ግን «በባለሙያ ያሠሩ» ብሎ ነው ያለፈው። ብዕር ያስነሳችኝ ይቺው ቃል ናት። በየትኛው ባለሙያ?

እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። የስፌት መኪና፣ ኦቨርሎክና አንድ ከባድ ካውያ አሉኝ። ወደ ቤቴ የሚገባው መስመር ሦስት ፌዝ ነው፣ ማለትም ኃይል ተሸካሚው ሽቦ ሦስት ነው። አንድ ምሽት ካውያውን ስሰካ የምሠራበት ክፍል አምፖል ፈዘዘ። ይሄስ የተለመደ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ቅጽበት የሳሎኑ አምፖል ቦግ ብሎ አይን የሚወጋ ሆነ። ካውያውን ስነቅል ሁለቱም ተመለሱ።

ጥገና የሚሠራ የሠፈር ልጅ ተጠርቶ መጣ። ቴስተሩን ነካ ነካ አደረገና፣ «እትዬ፣ ኃይል አለ። ብሬከሩ ነው የደከመው፣ ከፍ ያለ እናስገባ» አለኝ።

«ልጄ፣ ሽቦውስ?» አልኩት።

ብሬከር የተቀመጠው ጭነት ሲበዛ መስመሩን ቆርጦ ሽቦውን ሊጠብቅ ነው። 2000 ዋት ካውያ በ220 ቮልት ላይ 9 አምፔር ያህል ይስባል። ሽቦው 20 አምፔር የሚችል ሆኖ ሳለ 40 አምፔር ብሬከር ከገባለት፣ ጭነት ሲበዛ ብሬከሩ ተኝቶ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቀቀላል። ቴስተርም ቢሆን የሚናገረው ፌዝ መኖሩን ብቻ ነው። ኒውትራሉ፣ ማለትም ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ፣ ይጥበቅ ይላላ አይነግራችሁም። ልጁ ለሻይ የሚሆን ተቀብሎ ሄደ፣ አልተቀያየምንም።

ቀጥሎ የመጡት ጠና ያሉ ኤሌክትሪሺያን መልቲሜትር ይዘው ነበር። ካውያው እየሠራ የአንዱን ክፍል ቮልት ለኩ፣ ከ180 በታች። የሌላውን ለኩ፣ ከ250 በላይ። «ኒውትራል ነው» አሉ፣ ሳጥኑን ሳይከፍቱ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሦስት ፌዝ መስመር በአንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ፣ በሁለት ፌዝ መካከል ግን 380 ነው። ኒውትራሉ ሲላላ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ክፍሎች ያንን 380 እርስ በርስ ይሻማሉ። ብዙ ጭነት ያለበት ይራባል፣ ትንሽ ጭነት ያለበት ከልኩ በላይ ይደርሰዋል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ባንድ ሌሊት የሚነዱት እንዲህ ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት ጉዱ ታየ። ዋናው ብሬከር ላይ፣ ከቆጣሪ በሚመጣው ሽቦ በኩል፣ የኒውትራሉ ጫፍ ጠቁሯል። የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኖ ተጨማዷል፣ ብሬከሩም በዚያ ጥግ ቀልጧል። ጫፉን የያዘው ብሎን ላልቶ ኖሯል። የላላ ብሎን ይግላል፣ ሲግል ሲቀዘቅዝ ደግሞ የባሰ ይላላል።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ከቆጣሪ በኋላ ያለው ሁሉ የባለቤቱ ስለሆነ ያ ብሎን የእኔ ነው። ዋናውን ብሬከር ብታጠፉት ግን የሚጠፋው ከእሱ ወዲህ ያለው ነው። ከቆጣሪ የሚገባው ሽቦ እንዳለ ኃይል እንደተሸከመ ይቆያል። እሱን ለማጥፋት ወይ የቆጣሪውን ማኅተም መስበር፣ ወይ ምሰሶው ላይ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ሁለቱም የኃይል አቅራቢው ሥራ ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ፣ «እኔ ማኅተም አልነካም፣ ኃይል ያለበትንም አልፈታም» አሉ። አከበርኳቸው። ማኅተሙን በፒንሳ በጥሰው «ማን ያያል» የሚሉ ሞልተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መመላለስ አድካሚ ነበር። የአቅራቢው ሠራተኛ ሲመጣ የእኔ ሰው የለም። አይቶ፣ «የውስጥ ችግር ነው፣ አይመለከተንም» ብሎ ይሄዳል። እውነቱን ነው። የእኔ ሰው ሲመጣ ደግሞ መስመሩን የሚያቋርጥ የለም። እሱም እውነቱን ነው። ሁሉም ልክ ነው፣ ብሎኑ ግን እየነደደ ነው። እኔም ካውያዬን አስቀምጬ የሰው ቀሚስ ሳላደርስ ከረምኩ።

የተፈታው ሁለቱን ለአንድ ጠዋት ስቀጥር ነው። ለአቅራቢው ያስገባሁት ማመልከቻ ላይ «ጥገና» ብዬ አልጻፍኩም። «ኤሌክትሪሺያኔ ዋናውን ብሬከር እስኪቀይር መስመሩ ለጊዜው ይቋረጥልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ለውጥ አመጣ፣ የሚላከው ሰውም ሌላ ሆነ። ሠራተኛው ምሰሶው ላይ አቋረጠ። የእኔ ሰው ኃይል አለመኖሩን በመልቲሜትር እያንዳንዱ ሽቦ ላይ አረጋገጡ፣ የሰው ቃል አላመኑም። የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጠው ጣሉ፣ ንጹሕ መዳብ አወጡ፣ ብሬከሩን በዚያው አምፔር ቀየሩ። ቤት ውስጥ የተሰካው ሁሉ ተነቅሎ መስመሩ ተመለሰ። ሦስቱም ፌዝ ተለካ፣ 220 አካባቢ። ዕቃ የተሰካው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ራሱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ።

ለአንባቢዎቻችሁ የምለው ይህ ነው፦ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት መስመሩን ማን እንደሚያቋርጥና በምን ቀን እንደሚያቋርጥ ጠይቁ። መልሱ «እኔ እበጥሰዋለሁ» ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። አንዱ ክፍል ሲፈዝ ሌላው ከደመቀ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዋናውን አጥፉና ዕቃችሁን ንቀሉ።

ለኃይል አቅራቢዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። የማመልከቻ ቅጻችሁ ላይ ለደንበኛው ኤሌክትሪሺያን ስምና ስልክ አንድ መስመር ብትጨምሩ፣ ቀጠሮውን ለሁለቱም ብትደውሉ ምን ይከብዳል? እናንተም ሠራተኛ በከንቱ አትልኩም።

ስለ ግራውንድ መስመር፣ ወደ መሬት ስለሚወርደው መከላከያ ሽቦ፣ ሳልጽፍ ቦታ አለቀብኝ። አዘጋጁ አንድ መሐንዲስ ፈልገው ቢያጽፉልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ አንባቢያችሁ